በቀጠሮ የተነገረ መርዶ

ረይሀና የሰው ብሶት መስማት የለመደችው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት ነው። አባቷ ሙሄ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ሴት ስፌቱ እስኪያልቅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ባሏ ታወራለች፤ ሙሄ የስፌት መኪናውን እየረገጠ "እህ" ይላል፤ ልጅቱ ጥግ ይዛ ትሰማለች። ግማሾቹ ሴቶች ቀሚሳቸው ማጠር አያስፈልገውም ነበር ብትሉኝ አምናለሁ።

እኔ ፍልስፍና አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከረይሀናና ከእናቷ ከነጂባ ጋር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ልጅቱ ሥነ ልቦና ተማረች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋም የምክር አገልግሎትን መረጠች። በመጨረሻው ዓመት ለልምምድ የተመደበችው ውቤ በረሃ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ በተከፈተ የምክር ማዕከል ነበር። በእኛ ጊዜ ሰው ሐዘኑን ለመርሳት ወደዚያ ሰፈር ይሄድ ነበር፤ አሁን ሐዘኑን ለማስታወስ ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። ይህን ስነግራት ሳቀች። ያኔ ትስቅ ነበር።

የሚቆጣጠራትና ውጤት የሚሰጣት አቶ ሱሀይብ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነበር። የማዕከሉን ደንብ የነገራት በመጀመሪያው ቀን ነው፦ ደንበኛ ቤት አይኬድም፣ ለቅሶም ቢሆን፤ ለደንበኛ ደግሞ ውሸት አይነገርም። ረይሀና ሁለተኛውን እንደ ጌጥ አጠለቀችው። እያንዳንዱን አዲስ ሰው "በዚህ ክፍል ውስጥ አልዋሽዎትም" ብላ ነው የምትቀበለው።

ከተቀበለቻቸው አንዷ ወይዘሮ ምብራት ናት። ምብራት ከድልድዩ ማዶ የጥልፍ ክር ትሸጣለች። ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ሐዱሽ ነው። ሐዱሽ ማይጨው ታሞ ከተኛ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ደም ግፊቷ ወጣ፤ ሐኪሙ ወደ ማዕከሉ ላካት። በየሳምንቱ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ትመጣለች።

አንድ ረቡዕ የምብራት ልጅ ኢየሩስ ማዕከሉ ድረስ መጣች። ሐዱሽ ሞቷል፤ ተቀብሯልም። እናቷ አልሰማችም። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ እሁድ ንጋት ላይ ሊያረዷት ተቀጥሯል። "ነገ ስትመጣ ምንም እንዳትነቃ፣ እህቴ፤ አደራ" ብላ ሄደች።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ረይሀና ወደ እኔ መጣች። የማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

"ጋሼ፣ የሰው መርዶ ይዞ ዝም ማለት ውሸት ነው?"

"ሰውዬው ካልጠየቀ ዝምታ ነው።"

"ቢጠይቅስ?"

ይህን ጥያቄ አርባ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩ ይመስል ከወንበሬ ተነሣሁ። "ሐዘን ንብረት ነው፤ ባለቤቱም ሐዘንተኛው ነው። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚያቆይበት ዘመድ ሌባ ነው" አልኩ። ዐረፍተ ነገሩ ስለጣመኝ ደገምኩት።

ነጂባ በሩ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። "እናንተ የተማራችሁ! መርዶ እኮ በሰው መሐል ነው የሚነገረው። ለብቻው ተነግሮት ማን ይችለዋል?"

"እማዬ ደግሞ፣ ይሄ ሌላ ነው፤ አይገባሽም" አለቻት።

በማግስቱ የሆነውን በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ሙያዋ መናገሩን አይፈቅድላትም ነበር። ምብራት ገብታ ገና ሳትደላደል፣ እንደ ልማዷ በትግርኛ ልጄ ብላ ጠርታ፣ እንዲህ አለቻት፦ "ጓለይ፣ ሐዱሽ ስልክ አያነሳም። ልጄ ዓይኔን አታየኝም። ትናንት ደግሞ ጎረቤቴ መጥታ ያለ ምክንያት አቅፋ ሳመችኝ። አልዋሽዎትም ብለሽኛል። የምታውቂው ነገር አለ?"

ረይሀና መጽሐፉ እንደሚለው አደረገች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ በአጭሩ፦ "ወንድምዎ አርፈዋል።"

ምብራት ጉልበቷን ያዘች። ከስሱ ግድግዳ ወዲያ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ አንዱ በስልክ ያወራል፣ ይስቃል። ምብራት ወደዚያ አየችና፣ "እዚህ መጮህ ይቻላል?" አለች።

"አይቻልም አላልኳትም፣ ጋሼ" አለችኝ ረይሀና። "ይቻላልም አላልኳት። 'አብረን ቀስ ብለን እንተንፍስ' አልኳት።"

ሴትየዋ ሰው የምታከብር ናትና ተነፈሰች። ሰዓቱ ሲያልቅ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። "ነገረችኝ ብዬ አልናገርብሽም፤ ዘመዶቼም የደከሙበት ነገር ነው" ብላ ብቻዋን ደረጃውን ወረደች።

ከሐሙስ እስከ እሁድ ቤቷ ውስጥ አስመሰለች። ከልጇ ጋር ምሳ በላች። እንዳይነቃባት "ሐዱሽ አልደወለም?" እያለች ጠየቀች። ልጇ ከእሷ ትደብቃለች፣ እሷ ከልጇ ትደብቃለች። ያለቀሰችው ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ነጠላዋን ነክሳ ነው።

እሁድ ንጋት ላይ የዕድራችን ሊቀመንበር ገብረዮሐንስ ሽማግሌዎችን ሲጠራ እኔንም ጠራኝ። ምብራት የዕድራችን አባል ናት፤ የረይሀና ደንበኛ መሆኗን ግን አላውቅም ነበር። ስንገባ ተቀምጣለች፣ ለብሳለች። ፊታችንን አንድ በአንድ አየችን፤ ዘግይተው የመጡ እንግዶችን እንደሚያይ ሰው። ገብረዮሐንስ የሐዱሽን ስም ሲያነሣ ኢየሩስ ጮኸች፣ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ምብራት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ደረቷን ሁለት ጊዜ መታች፣ ምን መደረግ እንዳለበት ትዝ እንዳለው ሰው።

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "ያሳደጋት ወንድሟ እኮ ነው! እንባ እንኳ?" አለች።

"ደም ግፊቱ አደንዝዟት ይሆናል" አለች ሌላዋ።

"ይሁና! ቤት ሠርቶ የዳራት..."

ከማይጨው የመጣችው እህቷ ሰምታ ፊቷን አዞረች። የረይሀና የረቡዕ ምሽት ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ምብራት ወንድሟን በወግ ማልቀስ የምትችልበት አንዲት ጠዋት ነበረቻት፤ መቶ ሰው አብሯት የሚጮህባት። ያቺን ጠዋት ከእሷ የወሰድነው ረይሀናና እኔ ነን። ሌባ ያልኳቸው ዘመዶቿ ደግሞ ሲጠብቁላት ነበር የሰነበቱት።

ረይሀና ለቅሶ ልትደርስ ተነሣች። አቶ ሱሀይብ ደንቡን አስታወሳት፤ ቀረች። "ለቅሶ የማያስደርስ ምን ዓይነት እንጀራ ነው?" እያለች ነጂባ ብቻዋን ሄደች። የሆነውን ሁሉ ለአቶ ሱሀይብ ስትናዘዝ ሰውየው አልተቆጣትም። ደንበኛዋን አለመዋሸቷ ልክ ነው አላት፤ ጸጸቱ የልምምዱ አካል ነው አላት፤ የግልና የሙያ ዕድገቷን በሚያሳየው የመጨረሻ ጽሑፏ ላይ እንድትጽፈው መከራት። ጻፈችው። ከጓደኞቿ ሁሉ የበለጠ ውጤት ያገኘችበት እሱ ነው። ሰው በሌላው ቁስል ሲመረቅ አይቼ አላውቅም ልል ነበር፤ አይቻለሁ፣ እኔም አስተማሪ ነበርኩ።

ምብራት ወደ ማዕከሉ አልተመለሰችም። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ከረይሀና ጋር ድልድዩን ስንሻገር ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

"እንዴት ነሽ፣ ዶክተር?" አለች ምብራት።

"ዶክተር አይደለሁም፣ እትዬ።"

"ተመረቀች አሉ። እንኳን ደስ አለሽ።"

"እትዬ ምብራት፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት—"

"ምን አጠፋሽ? ጠየቅኩሽ፣ ነገርሽኝ።" ዘንቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "እህቴ ናት የከፋችብኝ። ለአርባውም አልጠራችኝ። ለወንድሟ ያላለቀሰች ለእኔም አታለቅስ ብላለች።"

"እኔ ሄጄ ልንገራት። የሆነውን ሁሉ ልንገራት።"

"ምን ልትያት? ኢየሩስ አደራ ብላሽ እንደሄደች አልጠፋኝም፤ ብትሰማ ከሥራሽ ታስነሣሻለች። ተይው ጓለይ፤ ለመጎዳቱስ አንዳችን እንበቃለን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ደህና ዋሉ፣ መምህር" ብላ በሻጮቹ መሐል አለፈች።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ እኔ አልቻልኩም። ያን ምሽት ያልኳት ነገር እንቅልፍ እንደሚነሳኝ፣ ጥፋቱ ከእሷ ይልቅ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። ወይም እንደ ድሮው፣ "ጋሼ ደግሞ፣ ሲያወሩ ማን ይችልዎታል!" ብላ እንድትሰድበኝ።

ቆመች። ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ይህ ስሜት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰማዎት?" አለችኝ።