ጓንቱ ለሁሉም

እታለም ይሏታል፣ ትልቁም ትንሹም። ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ቤት ሊጥ ስታቦካ የኖረች ሴት ናት። ዘንድሮ እጇ ላይ ለምጽ ወጣባት። ሐኪሙ አገላብጦ አየና «አይተላለፍም፤ ሥራሽን ሥሪ» አላት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ግን ምን አገባው! «ደንበኛ ይጠየፋል። ወይ የጎማ ጓንት አጥልቂ፣ ወይ ጓሮ ሄደሽ ጆንያ አራግፊ» አላት።

በጎማ ጓንት ሊጥ ሲቦካ የት ታይቷል? ሊጥ መድረሱን የሚነግረው ጣት ነው። እምቢ አለች፤ ጓሮ ተጣለች። አብረዋት የሚያቦኩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አንጋፋው አቡኪ ጋሼ እንኳ «ቻይው እንግዲህ እህቴ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከሁሉ ያንገበገባት ይሄ ነው።

እሳት ጎርሳ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሄደች። መርማሪዋ በጥሞና አዳመጠቻትና «መድልዎ ነው፣ እንመረምራለን። እኛ ግን ፍርድ ቤት አይደለንም፤ መጀመሪያ ለማስማማት እንሞክራለን» አለቻት።

እታለም ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ማንን ከማን? እኔ ከማን ተጣላሁ? የተቀማሁት ቦታዬን ነው!»

መርማሪዋ አልተቆጣችም። ዳቦ ቤቱ ድረስ መጥታ ባለቤቱን «ጓንቱ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለንጽሕና ነዋ!»

«ለንጽሕና ከሆነ ሁሉም ያጥልቅ። ለእሷ ብቻ ከሆነ መድልዎ ነው፤ ይህንኑ በይፋ እናወጣዋለን።»

ሰውዬው በሠራተኞቹ ፊት መሸነፍ ሞት መሰለው። «እንግዲያው ሁሉም ያጥልቃ!» ብሎ ደነፋ።

ያኔ ጉድ ፈላ! ሊጡ ጓንቱ ላይ እየተጣበቀ አላላውስ አለ። ዳቦው ድንጋይ ሆኖ ወጣ፤ ደንበኛ እያመጣ ባንኮኒው ላይ ይወረውር ጀመር። ጋሼ ጓንታቸውን አሽቀንጥረው «ሰው በዚህ ይሠራል እንዴ? እኛስ ሰው አይደለንም?» ብለው ጮኹ። ሌሎቹም ተከትለው አወለቁ። ባለቤቱ ቢጨንቀው «በቃ! ጓንት ቀርቷል፤ እሷም ትመለስ» አለ።

እታለም ከጓሮ ገባች። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። «እሰይ እህቴ! ታግለን መለስንሽ አይደል?»

«ጋሼ፣ የታገላችሁት ለራሳችሁ ጣት ነው» አለች። «እኔ ብቻዬን ስጣል ይሄ ሁሉ አፍ የት ነበር?»

እታለም እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አሁን ቦታዬን ልቀቁልኝ።»