ሦስት ሽማግሌና አንዲት ስከንክ፦ ከማሪዬታ እስከ ስኔልቪል

ማሪዬታ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል

መኪናዬ ታጥባለች፤ ከረባቴ ከካልሲዬ ጋር ይስማማል። ሃያ ዓመት የልብስ ንጽሕና መስጫ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና በልብስ ቀልድ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ለሽምግልና ነው የምንሄደው። የእህቴ ልጅ ዳዊት ሳራን ሊያገባ ይፈልጋል፤ እኛ ስኔልቪል ድረስ ሄደን አባቷን አቶ ግርማን እንለምናለን።

ችግሩ አቶ ግርማ ናቸው። ለትልቋ ልጃቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ "ተመልሳችሁ ኑ" እያሉ አመላልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው ባይ ናቸው። አሁን ማክሰኞ አገር ቤት ሄደው ስድስት ወር ሊቀመጡ ነው። ሳራ ደግሞ በሐምሌ ለሥራ ወደ ሲያትል ትሄዳለች፤ ያለ አባቷ ፈቃድም አላገባም ብላለች። ዛሬ ካልሰጡን ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ጋሽ ተሰማን ያዝን። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አፋቸው ማር ነው። ደጃቸው ስደርስ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ሣሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

ሣሩ በትንንሽ ጉድጓዶች ተበሳስቷል። አጠገባቸው ድመት የምታክል ጥቁር እንስሳ፣ ከአናቷ እስከ ጭራዋ ነጭ መስመር የወረደባት፣ አፍንጫዋን አፈር ውስጥ ቀብራ ትል ትለቅማለች። ስከንክ ናት።

"ጋሼ፣ ይራቁ" አልኩ ከመኪናው ሳልወርድ።

"ዝም በል፣ ታስደነግጣታለህ። አባቴ ሊሙ ላይ ጥርኝ ይዞ ዝባድ ይሸጥ ነበር። ይህቺ የጥርኝ የአክስት ልጅ ናት። ፈረንጅ አያውቅባትም እንጂ ሽቶ ናት።"

እንስሳዋ ቀና ብላ የፊት እግሮቿን መሬት ላይ ደበደበች።

"አየህ? ስትጫወት።"

ወደ ኋላ ሸርተት ብላ እንደገና ደበደበች። እሳቸው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ጭራዋን ቀጥ አድርጋ አቆመች።

"ዝባዱ የሚወሰደው ይሄኔ ነው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጀርባዋን አዙራ ረጭታ ሰጠቻቸው።

የተቃጠለ ጎማና የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ በሉት፤ ግማሹን እንኳ አልነገርኳችሁም። ሱፉ፣ ባርኔጣው፣ ጢማቸው ሁሉ ራሰ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ በሩን ከውስጥ ቆልፈው በመስኮት ብቅ አሉ።

"ተሰማ፣ ቤቴ እንዳትገባ" ብለው አሮጌ ብርድ ልብስ ወረወሩልን። ብርድ ልብሱን መቀመጫው ላይ አንጥፌ ጋሽ ተሰማን ጫንኩ። ዓይኔ እያየ መኪናዬ ተበላሸች።

ሀይዌይ 285፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

አራቱም መስኮት ተከፍቷል፤ የሚያዝያ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። መንገዱ ሲጨናነቅ ጎናችን ያለች ሴትዮ ወደ እኛ ዞር አለች፤ መስኮቷን ዘጋች፤ ከዚያ ሌይን ቀየረች።

ነዳጅ ማደያው ያለው ልጅ ቲማቲም ያጠፋዋል አለኝ። ሂሳቡን በእጁ አልቀበል ብሎ "እዚያ ጋ አስቀምጠው" አለ። አራት ጣሳ የቲማቲም ጭማቂ በአሥር ዶላር ገዝቼ ማደያው ጓሮ ጋሽ ተሰማን ከአናታቸው እስከ ደረታቸው አሸኋቸው። ከዚያ በኋላ የስከንክ ስልስ ሸተቱ።

"እኔ መኪና ውስጥ ልቅር፤ እናንተ ግቡ" አሉ፣ ጭማቂው ከቅንድባቸው እየተንጠባጠበ። ፊታቸውን በመሃረቤ ጠረግኩላቸው። ግን ያለ እሳቸው ማን ሊናገር ነው? እኔ በሰው ፊት ስቆም ስሜም ይጠፋኛል።

አቮንዴል እስቴትስ፣ 2 ሰዓት ከሩብ

ሦስተኛው ሽማግሌ ኤልያስ የቤተ ክርስቲያን ወንድማችን ነው፤ ሆስፒታል ይሠራል። ቁርስ አዘጋጅቶ በሩን ከፈተና ወዲያው ወደ ጓሮ አዞረን።

"ጋሼ፣ ቲማቲም አይሠራም። ሽታውን ከቨር ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ውሻዬን ሁለቴ ስፕሬይ አድርጋብኛለች፣ አውቃታለሁ።"

ፐሮክሳይድ፣ ቤኪንግ ሶዳና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በባልዲ በጠበጠ። ጋሽ ተሰማ በቁምጣ ቆመው በአትክልት ጎማ ይታጠባሉ፤ ኤልያስ እያሸ ይመረምራቸዋል።

"በእግሯ መሬት መታች?"

"ሁለት ጊዜ።"

"ጭራዋን አነሳች?"

"አነሳች።"

"በቃ፣ ሦስት ጊዜ ዋርን አድርጋ አስጠንቅቃዎታለች። እሷ መርጨት አትወድም እኮ። ያላት ትንሽ ናት፤ ከጨረሰች እስኪሞላላት ብዙ ቀን ባዶዋን ነው የምትዞረው። ዓይኗም ደካማ ነው። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ቢሉ ትታዎት ትሄድ ነበር።"

ጋሽ ተሰማ ውሃው እየወረደባቸው አሰቡ። "ቀን የት ትውላለች?"

"ከቤትዎ በረንዳ ስር ይሆናል የምትተኛው። ሲነጋና ሲመሽ ወጥታ የሣርዎን ትል ትበላለች፤ ፌቨር፣ ውለታ ነው የምትውልልዎት። በብርዱ ወራት ደግሞ ሴቶቹ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቃቅፈው ይተኛሉ።"

"ተቻችለው" አሉ ጋሽ ተሰማ በመገረም። ጢማቸውን እየጨመቁ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ።

ሱፉ በላስቲክ ታስሮ ቀረ። የኤልያስን ኮትና ሱሪ ለበሱ፤ እጅጌው ጣታቸውን ዋጠ። ባርኔጣዬን አልተውም አሉ፤ ባርኔጣው አልታጠበም።

ስኔልቪል፣ 4 ሰዓት

አቶ ግርማ ፈገግ ብለው በሩን ከፈቱ፤ ፈገግታው እዚያው ደረቀ። ከኋላቸው ነጭ ሶፋ ይታየኛል። ባለቤታቸው በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

"ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ተሰማ እንደ ወጉ።

"ደግ አደረጋችሁ" አሉ የአቶ ግርማ ባለቤት ቶሎ ብለው።

ወደ ጋራዡ መሩን፤ በሩ እንደተከፈተ እዚያው ቆምን። ለሳምንት የተለማመዱትን ንግግር ስጠብቅ ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሌላ ጀመሩ።

"አቶ ግርማ፣ ሽታው የእኔ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት ፍጥረት ሦስት ጊዜ ተመለስ አለችኝ፤ አልሰማኋትም። እርስዎም ሽማግሌ ይመልሳሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ተመለሱ ካሉን ዛሬ እሰማለሁ፣ ቅጣቴን አግኝቻለሁ። ግን ልጆቹ ጊዜ የላቸውም። ይዋደዳሉ። የማውቀው ይህንን ነው።"

አቶ ግርማ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁም። "ከቤተሰብ ልማከር" ብለው ገቡ። በእሳቸው ቤት ምክር ወር ይፈጃል ይባላል። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሱ።

"ሦስት ጊዜ ላመላልሳችሁ ነበር" አሉ። "ሰው እንዲህ ሸትቶ ከቀጠሮው ካልቀረ ግን፣ ልጄ ቀን ቢከፋባት የባሏ ወገኖች አይቀሩባትም። ሰጥተናል።"

"ተመልሰውም እንዳይመጡ ንገራቸው" አሉ ባለቤታቸው ከውስጥ።

እንባዬ መጣ። ኤልያስ "ሽታው ነው፣ ዓይን ያቃጥላል" ብሎ ሊሸፍንልኝ ሞከረ።

ማሪዬታ፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል

ኤልያስ ጓሮ ሁለተኛ ዙር ስንታጠብ ውለን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስን። ወይዘሮ አልማዝ በመስኮት ብቅ አሉ።

"ምን አሉ?"

"ሰጡ" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"በአንድ ቀን? ግርማ?"

ሊመልሱ ሲሉ ከበረንዳው ስር ስከንኳ ወጣች። መንገዳቸው ላይ ቆማ ቀና አለችና እግሯን አንዴ መሬት ላይ መታች።

ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አነሱላት። "ገባኝ፣ እመቤቴ" ብለው ቀስ እያሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ መጥተው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ትሏን ለቅማ እስክትሄድ ሁለታችንም ጠበቅናት።