የኮሪያው ከበሮና የዱርቤቴው ሙቀጫ

ረቡዕ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ስንነሳ ሹፌሩ አየለና እኔ ብቻ ነበርን፤ ከኋላችን ደግሞ አሥራ አንድ ሣጥን የሙዚቃ መሣሪያ። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ከሰሜን ኮሪያ የመጣ የሙዚቃ ቡድን በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ የአገሩን የጥንትና የዘመኑን ሙዚቃ ያሳይ ነበር፤ አሁን ተራው የባሕር ዳር ነው። ሙዚቀኞቹ እሑድ ጠዋት በአውሮፕላን ይደርሳሉ፤ ዕቃቸው ቀድሞ በመኪና ይሂድ ተባለ። እኔ በአንድ ቲያትር ቤት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበርኩ ፈርሜ ተረከብኩ።

ከሣጥኖቹ አንዱን ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው ያስረከቡኝ። ጓድ ፓክ ይባላሉ፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ክዳኑን ከፍተው ጃንጉ የሚሉትን ከበሯቸውን አሳዩኝ። ወገቡ የቀጠነ፣ ግራና ቀኝ አፍ ያለው ነው። አንዱ አፍ ወፍራም ቆዳ ለብሶ ያጉረመርማል፣ ሌላው ስስ ቆዳ ለብሶ ይጮኻል። በቋንቋ ስለማንግባባ በእጃቸው አስረዱኝ፦ ሙቀት ሲሆን ክዳኑን ክፈትለት፣ ይተንፍስ። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላም ሊያሳዩኝ የፈለጉት ነገር ነበር፤ እኔ ግን ክዳኑን ገጥሜ ወደሚቀጥለው ሣጥን አለፍኩ።

ችኮላ አመሌ ነው። ባለቤቴ አልማዝ «አንተ እኮ ስትወለድም ሳትጠራ ነው የመጣኸው» ትለኛለች። የዚያን ዕለት ስትሸኘኝም፣ «ጎጃም ከሄድክ አይቀር የዋንዛ ሙቀጫ ይዘህልኝ ና። ግን እባክህ ተረጋግተህ ምረጥ» አለችኝ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ መሸንቲ

ጎሐ ጽዮን ላይ ሽሮ በልተን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድን። ፊያት የጭነት መኪናችን እያቃሰተች፣ አየለ በአንደኛ ማርሽ እየያዛት፣ ድልዩ ጋ ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ያን ጊዜ የጓድ ፓክ አደራ ትዝ አለኝና ጭነቱ ላይ ወጥቼ የከበሮውን ሣጥን ክዳን ከፈትኩ፤ ከላዩ ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩበት። በማግስቱ በብርዱ እዘጋዋለሁ ብዬ ነበር። ደብረ ማርቆስ በሦስት ብር አልጋ ከቁንጫ ጋር ታግዬ አድሬ፣ ጠዋት ክዳኑን ሳልዘጋ ተነሳሁ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ዱርቤቴ ገበያ ቆሞ አገኘን። በቆሎው፣ ዳጉሳው፣ ቀዩ በርበሬ መንገዱ ዳር ድረስ ተሰጥቷል። አንድ ሽማግሌ ከዋንዛ የተፈለፈለ ሙቀጫ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰባት ብር አሉ፣ በስድስት ተስማማን። አየለ ከወዲያ ክላክሱን ይነፋል። ሙቀጫውን ተሸክሜ ሮጥኩ፤ ሣጥኖቹ ላይ አውጥቼ በገመድ አንድ ዙር አሰርኩት።

«ጌታው፣ ድገመው! ይንከባለላል!» አሉ ሽማግሌው ከኋላዬ።

«ደኅና ነው አባባ!» አልኳቸው።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። መሸንቲ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ጭነቱን ልይ ብዬ ወጣሁ። ሙቀጫው በቦታው የለም። ብርድ ልብሱ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ስገልጠው ሙቀጫዬ የከበሮው ወፍራም ቆዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል።

እዚያው ጭነት ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ዕቃ «ተበላሸ» አይባልም፤ «አሻጥር ተፈጸመበት» ነው የሚባለው። ባለፈው ዓመት የድምፅ ማጉያ የተቃጠለበት አንድ ባልደረባችን ለጥያቄ ተብሎ ሄዶ ስምንት ወር ቆይቶ ነው የተመለሰው። ከተመለሰም በኋላ ብዙ አያወራም። ይህ ደግሞ የወዳጅ አገር ከበሮ ነው፤ ፊርማው የኔ ነው፤ በላዩ የተገኘው ሙቀጫም የኔ ነው።

አየለ ወጥቶ አየ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለ። «ይኸ ግን የሚለቀምም አይደል።»

ዓርብ፣ ወደ ዘጌ

በማግስቱ ጠዋት ባሕር ዳር ካደርንበት ሆቴል ወርጄ ታንኳዎች የማገዶ እንጨት ወደሚያራግፉበት የሐይቁ ዳርቻ ሄድኩ። ከበሮ የሚወጥር ሰው ታውቃላችሁ ወይ እያልኩ ስጠይቅ፣ ጌጡ የሚባል ባለታንኳ እንጨቱን ሳያወርድ መለሰልኝ።

«ዘጌ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ አሉ። ያገሩን ከበሮ ሁሉ የሚወጥሩ እሳቸው ናቸው። ትናንት እንጨቴን ስጭን የበሬ ቆዳ ሲዘፈዝፉ አይቻቸዋለሁ። ልመለስ ነው፣ ከመጣህ እወስድሃለሁ።»

በደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከውኃው እኩል ነው የሚቀመጡት፤ መቀመጫ ይርሳል፣ ደንገሉ ግን አይሰምጥም። ከበሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭንቅላቴ ላይ ይዤ አራት ሰዓት ያህል ሄድን። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ታብረቀርቃለች፣ ጉማሬ አለ ብለውኛል፣ እኔ የማስበው ስለ እሑድ ነው። «ትንሽ ፈጠን ብትል» አልኩት ጌጡን። «ሐይቅ ነው እኮ ጋሼ» አለኝ፤ መቅዘፉንም እንደነበረ ቀጠለ።

መሪጌታ ልሳነ ወርቅ በቡናው ደን ውስጥ በሣር ጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከበሮውን ተቀብለው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፣ ወገቡን ለኩት፣ ያልተቀደደውን አፍ መታ አደረጉት።

«ያማረ ነው» አሉ። «ለማን ነው ያልኸኝ?»

የምዋሸውን ሁሉ በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ከሩቅ አገር ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው ልላቸው አስቤ ነበር። ፊታቸውን ሳየው አፌ እምቢ አለኝ።

«ኮሪያ ከሚባል አገር የመጡ ዘፋኞች ናቸው፣ የኔታ። ሃይማኖት የላቸውም ይባላል። የቀደድኩት እኔ ነኝ። እሑድ ካልደረሰ እታሰራለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።»

ከበሮውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። «እኔ ይህን እጅ ለማኅሌት ሰጥቼዋለሁ፤ ለዘፈን አልወጥርም» አሉ። ከበሮውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። «ማስተማር ግን ሥራዬ ነው። ተማሪን ለምን ተማርህ አልልም። እጅጌህን ሰብስብ» አሉኝ።

እንዲህ ሆነና እሳቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቀው፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አግብተው፣ በቃል ብቻ አሠሩኝ። አሥራ ሁለት ዓመት መሣሪያ ስረከብና ሳስረክብ ኖሬ አንድም ቀን ቆዳ በእጄ ጎትቼ አላውቅም። የተዘፈዘፈውን ቆዳ አወጣሁ፣ ፀጉሩን ፋቅሁ፣ በከበሮው አፍ ቀለበት ላይ አጠፍኩ፣ በወስፌ በሳሁ፣ ጠፍሩን ሳብኩ። እርጥብ ጠፍር ጣት ይቆርጣል።

«ላላ!» ይላሉ ሳያዩ፣ ከድምፁ ብቻ። «ድገመው። ነገ ቀዳሚት ናት፤ ፀሐይ ሳትገባ ካላለቀ ሰኞ ነው።»

እንዲህ ሲሉኝ መልሼ እቸኩላለሁ፣ ስቸኩል ይቀደዳል፣ እንደገና እበሳለሁ። መሃል ላይ እያረፍኩ ሳለ የኛን ከበሮ ነገሩኝ፤ ትልቁ አፍ መለኮት፣ ትንሹ አፍ ትስብእት፣ ጠፍሩ ጌታ የተገረፈው ግርፋት ነው አሉ። «የነዚያን ምን እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቅ» ብለው ተዉት።

ከበሮው ገመድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተቱ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ነበሩበት። ምን ላድርጋቸው ብዬ ጠየቅሁ። «ከበሮ ላይ የሚንሸራተት ነገር ምን ያደርጋል? አብረህ እሰረው» አሉኝ። አብሬ አሰርኩት። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጠርኩ። እሳት ዳር ላስቀምጠው ስነሳ፣ «ተው!» አሉኝ። «በእሳት የደረቀ ቆዳ ይጮኻል እንጂ አይናገርም። ጥላ ይበቃዋል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከበሮው ደርቆ ልሄድ ስል ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። እጄን ያዙኝ። «እኔ እዚያ አልመጣም፣ አልሰማውም» አሉ። «ሲመታ እንዴት እንደነበር ግን መጥተህ ንገረኝ።» እሺ አልኳቸው። ያን ጊዜ ምንም ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር።

እሑድ

እንግዶቹ በሦስት ሰዓት ደረሱ። አብሯቸው የመጣው ተርጓሚ ጓድ ይልማ ይባላል፤ ኮሪያ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ ሁሉን የሚጽፍበት ደብተር ከእጁ አይጠፋም። ጓድ ፓክ በቀጥታ ወደ ሣጥናቸው ሄዱ። ከበሮውን አነሱ፣ አዲሱን ቆዳ አዩ። ከዚያ ገመዱ ላይ ካሉት የቆዳ ቁራጮች አንዱን ይዘው ሊያንሸራትቱ ሞከሩ። አልተነቃነቀም። ሌላውን ሞከሩ። እሱም የታሰረ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከበሮውን የሚቃኙት በዚያ ነበር። አዲስ አበባ ሊያሳዩኝ የፈለጉት፣ እኔ ያላየሁላቸውም ይህን ነው።

«ይህን ማን ነካው?» አለ ይልማ። ደብተሩን ገለጠ።

«እኔ» አልኩ።  ሙቀጫውን፣ መንገዱን፣ ቆዳውን ሁሉ ነገርኩት፤ የመሪጌታን ስም ብቻ ዋጥኩ። ይልማ እየጻፈ ለጓድ ፓክ ተረጎመ። እሳቸው ትልቁን አፍ በመዳፋቸው አንዴ መቱት። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አያልቅም። ደግመው መቱት። ከዚያ እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት፤ ጠፍሩ የቆረጣቸውን ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠሩ። የራሳቸውን እጅ ከጎኑ ዘረጉ። እዚያው፣ እዚያው ጣት ላይ፣ የቆየ ጠባሳ አላቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላፈርኩም።

ወደ ደብተሩ እያመለከቱ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ይልማ ይህን አልተረጎመልኝም። እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ የጻፈበትን ቅጠል ከደብተሩ ቀደደና ኪሱ ከተተው። «ለትርኢቱ ሰዓት የለንም፣ ዕቃህን አውርድ» አለኝ።

ከበሮው አልቃኝ ስላለ ሌሎቹ አውታራቸውን ወደ እሱ አወረዱ። አሥር ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር ሜዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የቀበሌው ሰው ሞልቶ ነበር። በመጀመሪያ ዘመናዊው ሙዚቃ ቀረበ፤ አኮርዲዮንና መዘምራን፣ በአማርኛም አንድ ዘፈን አጥንተው ስለነበር ወጣቱ አብሮ ጨፈረ። ከዚያ ጓድ ፓክ ነጭ ልብስ ለብሰው መሬት ላይ ተቀመጡ። ትልቁን አፍ አንዴ፣ በዝግታ መቱ። ሜዳው ጸጥ አለ። ሁለተኛ ሲመቱ አንዲት ሴት ከኋላ እልል አለች፤ ሦስተኛው ላይ ሜዳው በሙሉ የጥምቀት እልልታውን አነሳው። ይልማ ስለ ሁለቱ አገሮች ወዳጅነት መስሎት በጣም ደስ አለው።

አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ይኸን የወጠረ ሰው ማኅሌት የቆመ ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ሰማሁዋ» አሉኝ።

መመለስ

ሰኞ በጠዋት መመለስ አለብን ተባለ። ዘጌ ሄጄ ለመምጣት አንድ ቀን ይፈጃል፤ አየለ ሞተር አስነስቷል። የገባሁት ቃል አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ወደ እንጨት ማራገፊያው ሮጥኩና ጌጡን አገኘሁት።

«ለመሪጌታ፣ ድምፁ በጣም ጥሩ ነበር በልልኝ።»

«ጥሩ ነበር ብላቸው ምን ይጠቅማቸዋል?» አለኝ። «እንዴት እንደነበር ንገረኝ።»

ልነግረው ሞከርኩ፤ ቃል የለኝም። በመጨረሻ ከዳርቻው አጠገብ የቆመው መኪናችን ላይ ወጥቼ ያንን የተረገመ ሙቀጫ አወረድኩት፤ አሸዋው ላይ ገልብጬ የጓድ ፓክን አመታት መታሁለት። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ጌጡ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ከዚያ ራሱ መታው፤ አልተሳሳተም።

«ያዝሁት» አለ። «ግን በምን ላሰማቸው? ታንኳዬ ደንገል ነው፣ ድምፅ የለው።»

አየለ ክላክሱን ይነፋል። ሙቀጫውን ታንኳው ላይ አስቀመጥኩለት።

ማክሰኞ ማታ ቤቴ ስደርስ አልማዝ እጄን አየች፣ ከኋላዬ አየች፣ ከዚያ «ሙቀጫዬስ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። እኔ ደግሞ ግምጃ ቤቱ ጣሪያ ሥር «የተበላሸ» ብዬ መዝግቤ የሰቀልኳቸውን ሦስት ከበሮዎች አውርጄ ቆዳ ዘፈዘፍኩ። ሊጠገን የሚችለውን ነገር ሁሉ የተበላሸ እያልኩ ስመዘግብ የኖርኩት እጅጌዬን ስላልሰበሰብኩ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ተቀደደብኝ፣ እሳት ዳር አድርቄው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አየለ ከባሕር ዳር ተመልሶ መልእክት አመጣልኝ። ጌጡ ሙቀጫውን በመሪጌታ ደጃፍ ገልብጦ መትቶላቸዋል፤ ሦስት ጊዜ አስደግመው ሰምተውታል። ከዚያ እንዲህ ብለው ላኩብኝ፦ «ከበሮው ደኅና ነው። ተማሪዬ ግን ቀኝ እጁ አሁንም ይቸኩላል። ተመልሶ ይምጣ።»

አልማዝ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሙቀጫዋ አንስታ አታውቅም።