የሺዓለም ቢሮዋን የዘጋችበት ክረምት

የሺዓለም አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ የራሷን የሒሳብ ቢሮ የከፈተችው ለብዙ ዓመት በዱቄት ፋብሪካ ተቀጥራ ከሠራች በኋላ ነው። ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ገብቶ እንደ ምድጃ ያግላታል፤ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የአዳማ ነፋስ ወረቀቱን ሁሉ ያተራምሰዋል። እሷ ግን ትወዳት ነበር። ልብስ ሰፊው፣ የጎማ ነጋዴው፣ ሽንኩርት አከፋፋይዋ ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው ያመጡና "የሺዬ፣ አደራሽን" ብለው ጥለውላት ይሄዳሉ።

ቢሮውን ክፈቺ ብሎ የገፋፋት ባሏ ነጋሳ ነው። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሰውነቱም ድምፁም ትልቅ። ስኳር እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል፤ መንገድ ላይ ግን ማን መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል? አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከመተሐራ ወዲህ፣ መንገድ የምታቋርጥ ግመል ሳያያት ቀረና ገጫት። ሰው አልተጎዳም። መኪናውን ዳር አቁሞ ቁልፉን ለረዳቱ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። አዲስ አበባ ያዩት ሐኪሞች ቀኝ ዓይኑ እንዳበቃለት፣ ግራውም ጥላ ከመለየት እንደማያልፍ ነገሯቸው።

ልጅ የላቸውም። ጠዋት ቁርሱን አብልታው፣ ምሳውን ከድና፣ ውኃውን እጁ በሚደርስበት አስቀምጣ ትወጣለች። ከቢሮ ስትደውልለት "ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ" ይላታል፤ ሁልጊዜ ያችኑ።

በሰኔ መጨረሻ፣ ግብር ከፋዩ ሁሉ በሯን በሚያጣብብበት ሰሞን፣ አከራያቸው ሑስና ደወለች።

"የሺ፣ ቶሎ ነይ። እሳት ተነሥቶ ነው። እሱ ተርፏል፤ ግን ነይ።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። ባጃጁ ሰፈር እስኪደርስ "ፍጠን" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ነጋሳ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የሸሚዙ እጅጌ ተቃጥሎ ክንዱ ላይ ተጣብቋል። ቡታጋዙን ከፍቶ ክብሪት በዳበሳ ሲፈልግ ጋዙ ክፍሉን ሞልቶ ኖሯል።

"ሻይ አምሮኝ እኮ ነው" አላት አንገቱን ደፍቶ።

ክንዱ እስኪሽር አብራው ዋለች። ከዚያ ቢሮውን ለቅቃ ሥራዋን ወደ ቤት ለማምጣት ቆረጠች። ነጋሳ ተቆጣ።

"በኔ ምክንያት ልትዘጊው? ገና አልሞትኩም እኮ!"

"ሞተህ እንዳላገኝህ ነው የምዘጋው" አለችው።

ቤታቸው አንዲት ክፍልና ጓዳ ናት። ፋይሎቹ አልጋ ሥር ገቡ፤ የምግብ ጠረጴዛው የሥራ ጠረጴዛ ሆነ። ትልቁ ደንበኛዋ፣ የጎማ ነጋዴው ጀቤሳ፣ መጥቶ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ።

"አትቀየሚኝ እህቴ" አለ፤ "የኔ ጉዳይ ሰው አልጋ ሥር ሲያድር እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ፋይሉን ይዞ ሄደ። ሌሎችም ተከተሉት። የቀሩትም ቢሆኑ ነጋሳ ፊት ማውራት ያፍራሉ፤ የነጋዴ ሒሳብ ገመናው ነው። ነጋሳ ይህ ማንም ሳይነግረው ገባው። እንግዳ ሲመጣ "አካም ጅርታ" ብሎ ሰላምታ ይሰጥና ግድግዳውን እየዳበሰ ይወጣል።

አንድ የሐምሌ ቀን ሽንኩርት አከፋፋይዋ ዘርፉ መጣች። የተጣለባት ግብር አስደንግጧት ስታለቅስ ቆየች። በመሐል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ መደማመጥ አልተቻለም። ሴትዮዋ ሲያባራ ጠብቃ ስትወጣ የሺዓለም ተከትላት ወጣች። ነጋሳ በርጩማውን ይዞ ከግቢው መሐል ተቀምጧል። ውኃው ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"ምነው አልገባህም?"

"እንግዳሽ አልወጣችም ነበራ።"

"ታዲያ ጣሪያው ሥር አትጠለልም?"

"በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ" አላት።

ልብሱን ስትቀይርለት ልቅሶዋን በፎጣው እያፈነች ነበር፤ ግን ሰማት። "ገላኔ ዘንድ ውሰጂኝ" አላት። ገላኔ አዳሚ ቱሉ ያለች እህቱ ናት። "ግቢዋ ሰፊ ነው፤ ሰው አይጠፋበትም። አንቺም ቢሮሽን ተከራዪ።"

"አይሆንም" አለች። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጸለዩላቸው፤ ቀን ቀን ማን አብሮት እንደሚውል ግን የነገራት የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ወሰደችው። ያን መንገድ ሁሉ በጎማ ድምፅ የሚያውቀው ሰው፣ ሚኒባሱ ቆቃንም መቂንም ሲያልፍ፣ አንዴ እንኳ "የት ደረስን?" አላለም።

የድሮ ቢሮዋ በሌላ ሰው ተይዟል። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ መስኮት የሌለው ምድር ቤት አገኘች። ከደንበኞቿ የተመለሱ ነበሩ፤ ጀቤሳ ግን ቀረ። ባዶው ቤት እያስፈራት እስኪመሽ እዚያው ትቆያለች። ስትደውልለት ነጋሳ ሁሉም መልካም ነው ይላታል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገላኔ በቆሎ ያወራላታል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ገላኔ እያለቀሰች ደወለች። የግራር እሾህ እግሩን ወግቶት፣ ነጋሳም ሳይሰማው ጫማውን አድርጎ ከርሟል። ስኳሩ እግሩን አደንዝዞት ቁስሉ አመርቅዟል።

የሺዓለም ሆስፒታል ስትደርስ ሁለት ጣቶቹ ተቆርጠዋል። ገላኔ ከአልጋው ግርጌ ተነሥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ቃጣት።

"ይቅር በይኝ፤ እርሻ እየዋልኩ..."

"ተይ፤ እኔም ጥዬው ነው የሄድኩት" አለቻት የሺዓለም አንሥታ እያቀፈቻት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን? አላየሁት፤ አላመመኝ።"

ከሕክምናው በኋላ ሁለት ኪራይ መክፈል የማይታሰብ ሆነ። ከቤቱና ከቢሮው አንዱ መቅረት ነበረበት፤ ቤቱን ለቀቀች። ቢሮው ውስጥ ቁም ሣጥኑን እንደ ግድግዳ አቁማ ከጀርባው አልጋ ዘረጋች። ፎቶ ኮፒ ቤቱን የሚሠራው አዶኒያስ የቢሮው አከራይ ልጅ ነው። ፍራሹ ሲገባ አይቶ ተከትሏት ገባ።

"እትዬ የሺ፣ ይሄ እኮ ማደሪያ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

ከሣጥኑ ኋላ ነጋሳ ሲያስል ተሰማ። ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አባቴ ካየ ጉድ ይፈላል። እኔ ግን አላየሁም።"

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ደንበኛ ሲመጣ ነጋሳ ትንፋሹን እንኳ ያምቃል። አንዳንዱ ሣጥኑን እያየ ሹክ ይላል፤ አንዳንዱ ተመልሶ አይመጣም። ዘርፉ ብቻ ከበሩ ጀምሮ "ኦቦ ነጋሳ፣ እንዴት ዋሉ?" እያለች በሣጥኑ ላይ አሻግራ ታወራዋለች።

አባትየው በጥቅምት መጣ። አልጋውን አየ፤ በፋሻ የተጠቀለለውን እግርም አየ። አልጮኸም። "እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ በላይ አልችልም" ብሎ ወጣ።

አሁን የሺዓለም በምሳ ሰዓት ከደላላ ጋር ትዞራለች። ፎቅ ላይ ያልሆነ፣ ደንበኛ የማያፍርበት፣ ነጋሳ ደግሞ ድምፅዋን እየሰማ የሚውልበት ቤት ነው የምትፈልገው። ደላላው በየበሩ ያንኑ ይጠይቃታል።

"ለቢሮ ነው ለመኖሪያ?"

"ለሁለቱም።"

"እንዲህ ያለ ቤት የለም እኮ እትዬ።"

"ፈልግልኝ እባክህ" ትለዋለች፤ ነጋሳ ብቻውን ነውና አቧራውን በነጠላዋ እየተከላከለች እየሮጠች ትመለሳለች።