በራሴ ላይ የጻፍሁት ማስጠንቀቂያ

በዚያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጽሕፈት ቤት አልሁ እንጂ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ባለጉዳይ ተቀምጦ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አቤቱታ፣ ውል፣ ማመልከቻ፣ ያልጻፍሁት የለም።

የምኖረው ቀሐ አካባቢ፣ እማሆይ እያልሁ ከምጠራቸው አሮጊት ግቢ ነው። ባለቤታቸው ቄስ ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ እማሆይ ቆብ ደፉ፤ ኑሯቸውን የሚገፉትም ከግቢው ዳር ባሉት ሁለት ክፍሎች ኪራይ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቼ ጎንደር ስገባ ዘመድ አልነበረኝም፤ «ፊትህ ሸጋ ነው፣ ግባ» ብለው አንዷን ክፍል ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው።

ፊቴ ሸጋ ቢሆንም ሦስት ወር ኪራይ ሳልከፍል ቀረሁ። ጥፋቱ የራሴው ነበር። «የራሴን ጠረጴዛ እዘረጋለሁ» ብዬ ያለኝን ሁሉ አራግፌ አሮጌ ፕሪንተር ገዛሁ። ሻጩ ፊት ሲሞከር አንጀት የሚያርስ ጽሑፍ አወጣ። ቤት ሳስገባው ግን የገጹን ቀኝ ብቻ እያተመ ግራውን ባዶ ይተወዋል። በብስጭት አልጋዬ ሥር ገፋሁት።

ከዚያ በኋላ እማሆይን መሸሽ ጀመርሁ። ጠዋት ኪዳን ለማድረስ እስኪወጡ ጠብቄ ሹልክ እላለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰው አይቶት የማያውቅ አጎት አበጅቼ እሱን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ኮቴያቸውን ከሩቅ ለይቼ የማውቅ ሰው ሆኜ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ሁለት ባለጉዳዮችን አስተናግጄ ቀና ስል፣ ሦስተኛዋ ወንበር ላይ እማሆይ ተቀምጠዋል። ፌስታል ታቅፈው፣ ተራቸውን እየጠበቁ።

«እማሆይ! ምነው? ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ፣ ክብር ምስጋና ይግባው። ማስጠንቀቂያ ላጽፍ ነው የመጣሁት።»

«ለማን?»

«ኪራይ ላልከፈለኝ ተከራይ።»

በሁለተኛዋ ክፍል አንዲት ነርስ ትኖራለች። እግዜር ይቅር ይበለኝና እሷ በሆነች ብዬ ተመኘሁ። «ለየትኛው ተከራይ?» አልኋቸው።

ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ላንተ።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን እርጋታቸው የሚገርም ነበር። አዳማ የሚኖረው ልጃቸው በስልክ «ኪራዩ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቋቸው፣ እሳቸውም እውነቱን ነግረውት ኖሯል። «በአፍ መለመኑ ይቅርብሽ፣ በሕጉ መሠረት በጽሑፍ ስጪው» ብሏቸዋል።

«ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ቢሄዱ አይሻልም?» አልሁ። «እኔ እንዴት በራሴ ላይ እጽፋለሁ?»

«ሌላው ዘንድ ብሄድ ስምህን ላነሳ ነው። አንተ ደግሞ እንጀራህ እዚሁ ሰፈር ነው። እዳህን እኔና አንተ ብናውቀው አይበቃም?»

ይህን ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ሦስት ወር ሙሉ ስሸሻቸው የከረምሁት ሴትዮ ስሜን ሊጠብቁልኝ መጥተዋል። ወንበሬን አስተካክዬ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ መጠየቅ ጀመርሁ።

«ውል አለዎት?»

ከፌስታሉ አወጡት። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። የአከራይና የተከራይ ሙሉ ስም፣ የቤቱን አድራሻ፣ ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ ያልተከፈለባቸውን ወራት አንድ በአንድ አሰፈርሁ። እስከ መቼ መከፈል እንዳለበት ስደርስ እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።

«ስንት ቀን ልስጥህ?» አሉኝ።

«እኔ ልወስን አይገባም። ውላችን አንድ ወር ይላል።»

«አንድ ወር! ምነው እንዲህ አበዛኸው?»

«እርስዎ ነዎት ያስጨመሩት፣ እማሆይ። እኔ አሥራ አምስት ቀን ብዬ ነበር።»

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ቀጥዬ «በተጠቀሰው ጊዜ ካልከፈሉ ውሉ እንዲፈርስና ቤቱን እንዲለቁ በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ» ብዬ ጽፌ አነበብሁላቸው።

«ኧረ እሱን አለዝበው፣ ልጄ።»

«አይሆንም። ካለዘብነው ልመና ይሆናል። ማስጠንቀቂያ የሚያሰኘው፣ ባይከፈል ምን እንደሚከተል ሲናገር ነው።»

እንዲህ ሆነን ተከራከርን፤ እሳቸው እንዲለዝብልኝ፣ እኔ እንዲጠብቅብኝ። በመጨረሻ «ተረታሁ» ብለው አንድ ነገር አስከተሉ።

«እንግዲያው ሰላምታ ከለከለኝ የሚልም ጨምርበት።»

«ያ እኮ ውሉ ውስጥ የለም፣ እማሆይ።»

«የለም» አሉ። «የባሰብኝ ግን እሱ ነው።»

ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ መለስሁ። ዓይኔን ማሳየት አልፈለግሁም።

በሦስት ቅጂ አተምሁት። አንዱ ለሰጪ፣ አንዱ ለተቀባይ፣ አንዱ ምናልባት ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ። ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ በአከራዩ ቅጂ ላይ ቀን ጽፎ ከፈረመ ይበቃል አልኋቸው። አልቀበልም ቢል ምስክሮች ባሉበት እምቢ ማለቱ ይጻፋል፤ አለዚያም በፖስታ ቤት በአደራ መላክ ይቻላል።

«ታዲያ እዚሁ ልፈርምልዎ» ብል፣ «የለም፣ ጉዳዩ የቤት ነው፣ ከቤት እሰጥሃለሁ። ምስክርም አመጣለሁ» አሉ።

«እምቢ የምል ይመስልዎታል?»

«አጎት የፈጠረ ሰው አይታመንም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤቴ ሳልወጣ ጠበቅሁ። እማሆይ የኔታን አስከትለው መጡ። የኔታ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በሰበካ ጉባኤውም አባል ናቸው። ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። እማሆይ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ እኔም ተነሥቼ በሁለት እጄ ተቀበልሁ። ለሚያይ ሰው ሽልማት እንጂ ማስጠንቀቂያ አይመስልም።

የኔታ «እስቲ ላንብበው፣ ያላየሁትን አልመሰክርም» ብለው ተቀበሉኝ። እንደ ገድል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ሲጨርሱ ጢማቸውን አሻሹ።

«ቃሉ ሸጋ ነው። ነገር ግን ሰሙ ብቻ ነው ያለው፣ ወርቁ የታል?»

«የኔታ፣ ማስጠንቀቂያ ወርቅ ካለው ተከራዩ በማይሆን ይፈታውና ቤቱ ውስጥ ይከርማል» አልሁ።

የኔታ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ «ማነው የጻፈው?» አሉ። እማሆይ መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ነኝ።»

«በገዛ ራስህ ላይ?» አሉና እንደገና ወረቀቱን ገለጥ አደረጉት። «እንዲህ ሳታዳላ በራስህ ላይ ከጻፍህ ለሌላውማ እንዴት አሳምረህ ትጽፍ ይሆን! ነገ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ና።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብሩ ከቅጥሩ ጎን የሚያከራያቸው ሱቆች አሉት። ከተከራዮቹ አንዳንዶቹ ኪራይ አቁመዋል። ሽማግሎቹ በየሳምንቱ ሄደው ይቆጣሉ፣ ተከራዮቹም «እሺ፣ እንከፍላለን» ይላሉ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሰጠ አንድም ሰው አልነበረም። የእያንዳንዱን ውል አይቼ ማስጠንቀቂያውን እንድጽፍ፣ የጎደለውንም ውል እንዳድስ ተስማማን። አሠሪዬን አስፈቅጄ ከሥራ ሰዓት ውጭ ጀመርሁ። ፕሪንተሩን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ሰውየው ከፍቶ በጨርቅ ወለወለና «አቧራ ነው እኮ» አለኝ። አቧራ! ለአቧራ ነው ሦስት ወር የተሸሸግሁት።

ከሱቆቹ ተከራዮች መካከል አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ወረቀቱን ስሰጣት ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አንብባ ስትጨርስ ግን «ተመስገን! እስከ ዛሬ ሲጮኹብኝ ነገ የሚያባርሩኝ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ለካ ቀን አለኝ» ብላ ፈረመች። እሷም በጊዜው ከፈለች። አንዱ ሱቁን ለቀቀ፤ የቀሩት ከደብሩ ጋር ተነጋግረው ቀስ በቀስ ለመክፈል ተስማሙ።

እኔም ወሩ ሳይሞላ የእማሆይን ጨረስሁ። መጻፍ ስለማይሆንላቸው «ተከፍሎኛል» የሚለውን እኔ ጽፌ እሳቸው በጣታቸው አተሙበት። ከዚያ ወጥ ቀምሰህ ሂድ ብለው ያዙኝ፤ የአዳማው ልጃቸውም ደውሎ «ያ ችግረኛ ተከራይሽ ወጣ?» ሲላቸው፣ «የምን ችግረኛ! የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉበት።

አሁን የራሴ ጠረጴዛ አለኝ። አምና ከኮላ ድባ አንድ ጤፍ ነጋዴ መጣ። ጎንደር ያለ ቤቱን የተከራየው ሰው ኪራይ አልከፍል ብሎት፣ አዲስ ቁልፍ ገዝቶ በሩን ሊቆልፍበት እየሄደ ነበር፤ በመንገዱ ውሉን ሊያስነብበኝ ገባ።

«አያ፣ ቢቆልፉበት ጥፋተኛው እርስዎ ይሆናሉ» አልሁት። «መጀመሪያ በጽሑፍ ቀን ይስጡት። ካልከፈለ ፍርድ ቤቱ ይኸው፣ ከዚህ ሃምሳ እርምጃ ነው።»

አጉረመረመ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። ኋላ ግን ሦስቱን ቅጂ ጠቅልሎ ሄደ። ወር ሳይሞላ ከተከራዩ ጋር አብረው መጡ። ተከራዩ እዳውን ከፍሎ፣ ሁለቱም አዲስ ውል ሊያጽፉ። ነጋዴው ወንበሩን ለተከራዩ ለቆ እሱ ቆመ፤ ሻይም አዘዘልን።