ለእንግዳ የሞቀች ቤት

ያን ቀን ጠዋት ግድግዳ በበረኪና እያሸሁ ነበር። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን። እዛ ጋ ሻጋታ አለ። ጥቁር ነው፣ እንደ ጥላሸት፤ ቢያጥቡት በወሩ ተመልሶ ይመጣል። እጄ እስኪላጥ አሸሁት። ልጄ ለበሩ ገዝታው የተረፈ ነጭ ቀለም ነበር፣ እሱን ቀባሁበት። አልጋውን ገፍቼ ግድግዳው ላይ አስጠጋሁት። በመስኮቱ ሥር ነፋስ እንዳይገባ የወሸቅኩትን ጨርቅ ሁሉ አወጣሁ፤ ያስጠላላ! እንግዳ ሊመጣ ነው።

እንግዳዋ ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ የሚልካት ሴት ናት። መንግሥት አሮጌ ቤት ላላቸው፣ ገቢያቸው ትንሽ ለሆነ፣ እቤታቸው ብርድ የማይችል በሽተኛ ላለባቸው ሰዎች ቤታቸውን በነጻ ያለብስላቸዋል። አዎ፣ ያለብሳል ብለሽ ጻፊ። ግድግዳውን ከውጭ በወፍራም ነገር ይሸፍኑታል፣ ጣራው ሥር እንደ ጥጥ ያለ ነገር ይጎዘጉዛሉ። ኢንሹሌሽን ይሉታል። ቤት የሚያሞቅ ቦይለር ደክሞ ከሆነም ይቀይራሉ።

የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነው። እሷ በጁምአዋ፣ እኔ በእሁዴ ካልሆነ ሳንተያይ አንውልም። ያንን ሻጋታ አብራኝ አጥባ ታውቃለች።

“እትዬ፣ አፕላይ ያድርጉ እንጂ!” አለችኝ። “ባለቤትዎ ስንት ዘመን ታክስ የከፈሉበት አይደል እንዴ?”

እውነቷን ነው። ሟቹ ባለቤቴ እዚህ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ አጠገብ መኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ነው ይቺን ቤት የገዛት፣ ቶተንሃም ቤት ርካሽ በነበረ ጊዜ። ከቤቱ ጋር ነፋሱንም ገዛ። እሱ ሞተ፣ ነፋሱ ቀረ።

ልጄ በስልኳ አፕላይ አደረገችልኝ። እሷ ኬረር ናት፣ አቅመ ደካሞችን የምትንከባከብ፤ የሰው እናት ስታገላብጥ ውላ ነው የምትመጣው። ይሄን ሁሉ ያደረግነው ደግሞ ለኔ ብለን አይደለም። እኔ ስንት ብርድ ያለፈብኝ ሰው ነኝ። ለዚች አሁን ለምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። አስም አለባት። አልጋዋ እዛው ሻጋታው ሥር ነው፣ ሌላ ክፍል የለንም። ብርድ በገባ ቁጥር ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲር ሲር ይላል።

“ይሄን አልጽፍም እማማ” ትላለች። ጻፊው።

እንግዳዋ ከመድረሷ በፊት ሂተሩን ከንጋት ጀምሬ ከፈትኩት። የኛ ሂሳቡ ቀድሞ በካርድ የሚሞላ ነው፤ ሌላ ቀን ማታ ማታ ትንሽ ከፍተን እናጠፋዋለን። ያን ቀን ግን እንግዳ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ብትወጣ ምን ይሉኛል? የሳምንቱን በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። የልጅቷን ፓምፕ ደግሞ፣ ያንን ሰማያዊ ለአስሟ የምትስበውን፣ ከጠረጴዛው አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት። ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ እልፍ ብላ ኮቷንም አወለቀች። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ቤቱን ዞራ አየች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች። የኔ እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለመንግሥት አይበቃም። እሷም ገብቷት መሰለኝ አስተርጓሚ ደውላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

የወንድ ድምፅ ነው። ጨዋ፣ ያገሬ ልጅ። “ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ እንደምን አደሩ?” አለኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ እኔም ስለ እሱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። ሴትዮዋ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ምን አሉ አለችው መሰለኝ፣ “ደህና ነኝ ነው የሚሉት” አላት።

ያ ድምፅ ነው የጨረሰኝ። ለፈረንጇ ብቻ ቢሆን ምናልባት እናገር ነበር። ያገር ሰው እየሰማ ግን! ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ የሚቆም ቢሆንስ? “እሳቸው እኮ ባላቸው ከሞተ ሻጋታ ውስጥ ነው የሚኖሩት” ቢልስ?

“እማማ፣ ቤቱ ይበርድዎታል ወይ ትላለች።”

“ኧረ ተመስገን! ምን ይበርደኛል።”

“ማሞቅ ያልቻሉት ክፍል አለ?”

“የለም ልጄ። ይኸው ሙቅ ነው፣ ግድግዳውን ትንካው።”

“እርጥበት፣ ሻጋታ ነገርስ?”

“ሻጋታ? እኔ ቤት?” ተቆጣሁ እንዲያውም።

“ይቅርታ እማማ፣ እሷ ጠይቅ ብላኝ ነው። እቤት ውስጥ የመተንፈስ ሕመም ያለበት ሰው አለ?”

መሳቢያው ከጎኔ ነው፣ ብዘረጋ እጄ ይደርሳል። የልጅ ልጄ ገና ለጋ ናት፣ ነገ ትዳር ይጠብቃታል፤ በሽተኛ ናት ብዬ ለማላውቀው ሰው ስሟን ልስጥ?

“የለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን” አልኩ።

ሴትዮዋ እየጻፈች የሆነ ነገር ተናገረች። “‘ቤትዎ ልክ ጎረቤትዎ እንደነገረችኝ ነው’ ትላለች” አለኝ ልጁ። ጎረቤቴም አመልክታ ስለነበር ቀደም ብላ የሷን ቤት አይታ ነበር። ሙገሳ መስሎኝ “እግዜር ይስጥልኝ በላት” አልኩት። ሻይ ጠጥታ፣ ብስኩት በልታ፣ መርቄ ሸኘኋት።

በኋላ ለልጄ ተደወለ። እርዳታው አይገባችሁም አሏት። ቤታችሁ ሙቅ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ታማሚም የላችሁም። ልጄ ስልኩን ዘጋችና ዞረችብኝ።

“ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?”

“ደህና ነን አልኳት።”

“ደህና ነን? ‘በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም’ እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?”

መልሳ ደወለች፣ እንደገና መጥታችሁ እዩልን አለች። የዘንድሮው ገንዘብ አልቋል አሏት። ሌላ ጊዜ ከተከፈተ ያኔ ሞክሩ።

ከዛ የጎረቤቴ ቤት መልበስ ጀመረ። ብረት ተከሉ፣ ወጡ፣ ወረዱ፣ ግድግዳዋን ሸፍነው ነጭ ለሰኑላት። ነጩ የኔ ጡብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ከአውቶቡስ ወርጄ ሳይ፣ የሷ ቤት ካፖርት ለብሳ የኔይቱ አጠገቧ በቀሚስ ብቻ የቆመች ነው የምትመስለኝ። ቀና ብዬ ማለፍ አስጠላኝ።

የቀባሁትን ቀለም ሻጋታው በስቶት ወጣ። ልጅቷም ታመመች፣ ከትምህርት ቤት ቀረች። አሁን እኔ ጋ አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው፣ እኔ ሻጋታው በኩል፣ እሷ በዚህ በኩል።

ሰው ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ይለኛል። እሺ፣ ልሁን። ግን ይሄ መንግሥት ልብስ የሚሰጠው መጀመሪያ አስወልቆ ካየ በኋላ ነው እንዴ? እዚህ አገር ስገባ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቁጭ ብዬ የደረሰብኝን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ዘርግፌያለሁ። እንባዬን ሳይቀር ጽፈውታል። ከዛ ወዲህ ገመናዬን ለማንም አልገልጥም ብዬ ነበር። የአንድ ቤት ግድግዳ ለመሸፈን ያንኑ ድገሚው ይሉኛል። ቤቱ እኮ እዛው ቆሟል፣ ግድግዳው አይዋሽም፤ ጡቡን ቢያዩት አይበቃቸውም ነበር? የኔን አፍ ምን አስፈለጋቸው?

ባለፈው ጎረቤቴ ጠርታኝ ገባሁ። ልጆቿ በካናቴራ ይሯሯጣሉ። ግድግዳዋን በመዳፌ ነካሁት፣ ደረቅ ነው።

“አንቺ፣ ምን ብትያት ነው እንዲህ ያለበሱሽ?” አልኳት።

“ያለውን ነዋ እትዬ! ሂተሩን አጥፍቼ፣ ልጆቹን ጃኬት አልብሼ ጠበቅኳት። ሻጋታውን በጣቷ አስነካኋት። ‘አስነጥስ’ ስለው ትንሹ አስነጠሰላት፣ ተባረክ።”

“አላፈርሽም?”

“አፈርኩ እንጂ! ግን እንግሊዝኛዬ አላሳፈረኝም፣ ያገር ሰው ሳይሰማ ብቻችንን ጨረስነው።”

ያኔ የሴትዮዋ ነገር ትዝ አለኝ፣ ቤትዎ ጎረቤትዎ እንደነገረችኝ ነው ያለችው።

“ስለ እኔ ቤት ጠይቃሽ ነበር እንዴ?”

ፊቷን ወደ ልጆቿ አዞረች።

“ጠይቃኛለች። ‘ቤቶቹ የተያያዙ ናቸው፣ የሳቸውም ግድግዳ እንደዚህ ነው?’ አለችኝ።”

“እና?”

“‘ኧረ የሳቸውማ ቤት ንጹሕ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ምንም የለባቸውም’ አልኳት። ምን ልበል ታዲያ እትዬ? የራሴን ገመና ላውጣ፣ የርስዎን እንዴት አወጣለሁ? እርስዎ ቢሆኑ የኔን ይነግሩብኝ ነበር?”