እናኑ ዝም ያለችበት ክረምት

የመሪጌታ ውባየሁ ቀኝ ዓይን የጠፋው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ግራውም እየደፈረሰ ሄደ። ከወረታ አለፍ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ባለች ደብር ሃያ ዓመት አገልግለዋል፤ በዚያ መንደር ፊደል የቆጠረ ሁሉ የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው። የራሳቸው ልጅ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እናኑ፣ ገና የአራት ዓመት ልጅ። ከእሷ በፊት የተወለዱትን ሁለቱን ንዳድ ወስዷቸዋል።

ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ሲጮኹ እየሰማች፣ እናኑ ማንም ሳያስቆጥራት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ወጣችው። መሪጌታ ይህን ባወቁ ቀን በደስታ አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ገባባቸው። ዓይናቸው ፈጽሞ ሳይጠፋ ዳዊት ሊያስደግሟት ቆረጡ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ቀረ። ክረምት ገብቶ የርብ ውሃ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው፣ የጎረቤት ልጆች ደጃፍ ላይ በጥቁሩ ጭቃ ላምና በሬ እየሠሩ ይንጫጫሉ። እሷ ከአባቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ፣ ከዳዊት በፊት የሚነበበውን መልእክተ ዮሐንስን ታነባለች።

«ኧረ መሪጌታ፣ ይተዉአት!» ትላቸዋለች ባለቤታቸው ገላነሽ። «ሕፃን እኮ ናት። ጥቂት ተጫውታ ትመለስልዎ።»

«ጨዋታው ነገም አለ። የኔ ዓይን ግን ለነገ አይደርስም።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናኑ ንባቡን አቋረጠች። መሪጌታ በእጃቸው ሲዳብሱ ከመጽሐፉ ሥር የጭቃ ላም አገኙ። ብራናው ረጥቧል። ተናደው ላሟን ጨፈለቋት፤ በቀሚሷ የቋጠረቻቸውን ጥጆችም ዝናቡ ላይ ወረወሯቸው። ልጅቷ አላለቀሰችም።

«አንብቢ» አሏት።

አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም።

በማግሥቱም አልተናገረችም፤ በሳምንቱም። ውሃ ሲጠማት የእናቷን ቀሚስ ትጎትታለች። በፍልሰታ ጣራ ገዳም ወስደው ጠበል አስጠመቋት፤ ምንም የለም። መሪጌታ እህል አልበላ አላቸው። «እኔ ነኝ የዘጋኋት» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። አንድ ጠዋት ወጥተው ጭቃው ላይ ተቀመጡና በዳበሳ ላም መሥራት ጀመሩ።

«ነይ እናንዬ፣ ቀንዷን አንቺ አውጪላት።»

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ተደበቀች። በመንገድ ያለፈው ሰው ሁሉ መሪጌታን እንደዚያ ሆነው ሲያይ ፊቱን አዞረ።

መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ገላነሽ መጽሐፉን ሰቅላ ልጇን ከእኩዮቿ ጋር ለቀቀቻት። በኅዳር አንድ ቀን ከውጭ «እምቢ፣ ተራዬ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናኑ ነበረች። መሪጌታ ሲሮጡ ግንባራቸውን መቃኑ መታቸው።

«ልጄ!» አሉ።

ድምፁ ቆመ።

እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ከልጆቹ ጋር ታወራለች፣ ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ አባቷ ሲመጡ ዝም። ለጥምቀት ግራ ዓይናቸውም ጨለመ። ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው እሷ ናት። ድንጋይ ሲያጋጥም እጃቸውን ጠበቅ ታደርጋለች እንጂ አትናገርም። አንዳንዴ መሐል መንገድ ላይ ይቆሙና «አንዲት ቃል ብቻ፣ ልጄ» ብለው ይለምኗታል።

እጃቸውን እንደያዘች፣ እስኪራመዱ ትጠብቃቸዋለች።